የካዛንቺስ መብራትና የሰማይ ከዋክብት

በሰማይ ላይ በእኛ ቋንቋ የሚጠሩ ቢያንስ አራት አካላት መኖራቸውን ከአንባቢዎቻችን መካከል ስንቱ ያውቅ ይሆን? አንደኛዋ ቡና ትባላለች፤ ኮከብ ናት። ሁለተኛዋ አቦል ትባላለች፤ ቡናን የምትዞር ፕላኔት ናት። ሦስተኛዋ ድንቅነሽ፣ አራተኛዋ ሰላም ይባላሉ፤ እነዚህ ሁለቱ በማርስና በጁፒተር መካከል ከሚመላለሱት ዐለቶች ወገን ሆነው፣ ትንሿ ትልቋን እየዞረች አብረው ይጓዛሉ። ስሞቹ ለጨዋታ የወጡ አይደሉም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በመዝገቡ አጽንቷቸዋልና የየትኛውም አገር ተመራማሪ ስለነዚህ አካላት በጻፈ ጊዜ በእነዚሁ ስሞች ይጠራቸዋል።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ኅብረቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የመቶኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር፣ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አገር አንዲት ኮከብና እርሷን የምትዞር አንዲት ፕላኔት ሰጥቶ ስም እንዲያወጣላቸው ጋበዘ። ከመቶ በላይ አገሮች ግብዣውን ተቀበሉ። ለኢትዮጵያ የደረሰቻት ኮከብ እስከዚያ ጊዜ ድረስ «ኤች ዲ 16175» በሚል ቁጥር ብቻ የምትታወቅ ነበረች። ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ውጤቱ ሲገለጥ ኮከቢቱ ቡና፣ ፕላኔቷም አቦል ተባሉ። አቦል ማለት ከጀበናው መጀመሪያ የሚቀዳው መሆኑን ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለቀረው ዓለም ግን ኅብረቱ ማብራሪያ ጨምሮ አስነብቦታል። ወደፊት በዚያች ኮከብ ዙሪያ ሁለተኛ ፕላኔት ቢገኝ ቶና፣ ሦስተኛ ቢገኝ በረካ የሚባል ስም ተሰናድቶ ይጠብቃል ማለት ነው።

ቡና ከፀሐያችን ጥቂት ከፍ ያለች፣ ብርሃኗም ከፀሐይ ብርሃን ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነ ኮከብ ናት። ርቀቷ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይጠጋል። ስለዚህ ዛሬ ከእርሷ ተነሥቶ ዐይናችን ዘንድ የሚደርሰው ብርሃን ጉዞውን የጀመረው በዘመነ መሳፍንት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ዘውድ ሳይጭኑ ነው። አቦል ደግሞ ክብደቷ ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ ሲሆን፣ ኮከቧን አንድ ጊዜ ለመዞር ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ይፈጅባታል። መንገዷም እንደ እንቁላል የረዘመ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ወደ ኮከቧ ትጠጋለች፣ አንድ ጊዜም እጅግ ትርቃለች። ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቀው ኮከቢቱ ያለችበት የሰማይ ክፍል ነው። ክፍሉ አንድሮሜዳ ይባላል። አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥቲቱ የካሲዮፔያ ልጅ ናት፤ አባትና እናቷም በዚያው አካባቢ በየስማቸው የከዋክብት ክምችት አላቸው። እንግዲህ ግሪኮች ስለ ኢትዮጵያ በወሬ ሰምተው ሰማይ ላይ በሣሏት ልዕልት ውስጥ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የመረጡት ስም ገባ። ከተረቱ ይልቅ ይኸኛው ይጣፍጣል።

የድንቅነሽ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመተው አጽም በፈረንጆች ዘንድ ሉሲ የተባለችው፣ ያገኟት ሰዎች በድንኳናቸው ሲያዳምጡት ከነበረ ስለ ሰማይና ስለ አልማዝ ከሚናገር ዘፈን ተወስዶ ነው። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ጁፒተር አካባቢ ዐለቶች ለላካት መንኰራኵር ይህንኑ ስም ሰጣት፤ የሰውን ዘር ጥንት የገለጠችው አጽም ስም የፕላኔቶችን ጥንት እንድትመረምር ለተላከችው መሣሪያ ተገቢ ነው ብሎ ነው። ሉሲም በመንገዷ ላይ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. አንዲት ትንሽ ዐለት አልፋ ሄደች፤ ዐለቷ ስፋቷ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ሲሆን ስሟ ድንቅነሽ ነው። ፎቶግራፉ ሲደርስ ድንቅነሽ ብቻዋን እንዳልሆነች ታየ፤ ሁለት ጉብታ ሆና የተጣበቀች ጨረቃ ነበረቻት። ለእርሷም በዲኪካ በተገኘችው ሕፃን አጽም ስም ሰላም የሚል ስም ወጣላት። እንዲህ ሆነው በአምስት ኪሎው ሙዚየም በምድር ያሉት ስሞች በሰማይም አብረው ይዞራሉ።

ይህን ሁሉ የተረክሁት ለመመካት አይደለም። ስማችን ወደ ሰማይ በወጣ ጊዜ፣ እኛ በመዲናይቱ የምንኖር ሰዎች ሰማይን ማየት እየተውን መሆናችን ስለ ገረመኝ ነው።

ካዛንቺስን እንውሰድ። ስሙ ራሱ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ ነው፤ ወራሪው ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ ካሠራቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች የመጣ ነውና፣ ይህን ገጽ የሚያነብቡ ወጣት ባለሥልጣኖች ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ የሙያ ወንድማቸው መሆኑን ልብ ይበሉ። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሥራ ሰፈሩን ከሥር ከመሠረቱ ለወጠው። አሮጌዎቹ ቤቶች ፈረሱ፤ ብዙው ነዋሪ ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ተዛወረ፤ መንገዱ ሰፋ፤ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃ ተሠራ፤ መብራቱም በዛ። ስለ ቤቶቹና ስለ ጎረቤታሞቹ የሚጻፈው ብዙ ነው፤ ለራሱ የተለየ ገጽ ይገባዋል። የዛሬው ጉዳዬ መብራቱ ነው።

ባለፈው በጋ ጨረቃ በሌለችበት፣ ደመናም ባልነበረበት አንድ ምሽት፣ ከአዲሶቹ የመንገድ መብራቶች በአንዱ አጠገብ ቆሜ ከዋክብትን ለመቍጠር ሞከርሁ። ዐይኔ እስኪለምድ ጠብቄ፣ እጄን በግንባሬ ላይ ጋርጄ ያገኘሁት 14 ነበር። በጠራ ጨለማ ውስጥ የቆመ ሰው በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ ከዋክብት ያያል። ፍኖተ ሐሊብ የምንለው፣ ከአድማስ እስከ አድማስ እንደ ፈሰሰ ወተት የሚታየው የከዋክብት ጎዳና ከካዛንቺስ ፈጽሞ የለም። የጠፋው ግን ካለበት ሄዶ አይደለም፤ እዚያው አለ፤ በመካከላችን የራሳችን መብራት ቆሞ ነው። መብራት የሄደ ሌሊት ይህ በደንብ ይታወቃል፤ ሰው ሁሉ ሻማ ፍለጋ ሲሯሯጥ ሰማዩ ሳይታሰብ ሞልቶ ይገኛል።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የዓለም የሌሊት ብርሃን ካርታ እንዳመለከተው፣ ከሰው ልጅ ከሦስት እጅ አንዱ ፍኖተ ሐሊብን ከሚኖርበት ቦታ ሆኖ ማየት አይችልም። የእኛ ልዩነት ያጣነው ነገር ለእኛ ከሌላው ይልቅ የቀረበ መሆኑ ላይ ነው። ይህንንም በጥቂቱ ላስረዳ።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ከዚህም የተነሣ ሰማይ ለዚህች ከተማ የሰጣት ስጦታ ለፓሪስም ለሲድኒም አልተሰጠም። ወደ ሰሜን ቢመለከቱ የሰሜን ኮከብ ከእንጦጦ ጋራ ጥቂት ብቻ ከፍ ብላ ትቆማለች፤ በግንቦት ምሽት ወደ ቦሌ አቅጣጫ ዞር ቢሉ የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ከዋክብት ይታያሉ። የአውሮፓ ሰው የደቡብ መስቀልን ከአገሩ አያይም፤ የአውስትራሊያ ሰውም የሰሜን ኮከብን አያይም፤ የቂርቆስ ሰው ግን ከደጁ ሳይነሣ ሁለቱንም ሊያይ ይችል ነበር።

ሰዓታችንም ከዚሁ ቦታችን የተወለደ ነው። በምድር ወገብ አጠገብ ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል እኩል ስለ ሆነ፣ ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ አንድ ሰዓት ቆይቶም አንድ ብሎ መቍጠር ለዚህ አገር ተፈጥሯዊ ነው። በስቶክሆልም እንዲህ ብሎ የሚቈጥር ሰው በታኅሣሥና በሰኔ ግራ ይጋባ ነበር። የውጭ አገር እንግዳ በሰዓታችን ሲስቅ የሰማ ወጣት ባለሥልጣን ይህን ይንገረው፤ ሰዓታችን የሚከተለው ፀሐይን ነው።

ከሰዓቱ አልፈን ወደ ዘመን አቆጣጠሩ ስንሄድ ነገሩ ይጠልቃል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ጨረቃና ፀሐይ በ19 ዓመት አንድ ጊዜ ሒሳባቸውን እንደሚያስታርቁ ዐውቀው የበዓላቱን ሁሉ ሥርዓት በዚህ ላይ አቁመዋል። 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር የሚለያዩት በሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ለተማሪ አንባቢዎቼ አንድ ምሳሌ ላስላ። 2017ን ከ5500 ጋር ብንደምረው ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህ በ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ሲነሣ ወንበር 11 ነው። 11 በ11 ሲባዛ 121፣ በ30 ሲገደፍም የሚተርፈው 1 አበቅቴ ነው። 11 በ19 ሲባዛ 209፣ በ30 ሲገደፍም የሚተርፈው 29 መጥቅዕ ነው። መጥቅዑ ከ14 በላይ ስለ ሆነ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 29 ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 33፣ ሠላሳው ሲገደፍ 3። ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቈጠር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። ይህን ሒሳብ የደብተራ ተማሪ ወረቀት ሳይይዝ በጣቶቹ መገጣጠሚያ ይሠራዋል። በዚያው በሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ ሉሲ መንኰራኵር ድንቅነሽን ባገኙት በዶናልድ ጆሃንሰን ስም የተሰየመችውን ሌላ ዐለት አጠገቧ አልፋ ፎቶግራፍ አነሣች። የአዲስ አበባ ሰው በዶሮ ወጡ ተጠምዶ ስለ ነበር ወሬው ብዙም አልተሰማም።

ባሕረ ሐሳብ ፍጹም ነው ማለቴ አይደለም። ዓመታችን 365 ቀን ከሩብ ነው ብለን ስለምንቈጥር ከእውነተኛው የፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ያህል ይረዝማል፤ ይህም በ128 ዓመት ወደ አንድ ቀን ይጠጋል። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1582 ይህን አርመው ቀጠሉ። እኛ ባለማረማችን እ.ኤ.አ. ከ2100 በኋላ እንቍጣጣሽ በአውሮፓው መስከረም 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ ይውላል። ጉድለቱን ዐውቆ የራስን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ሳያውቁ መያዝ ሌላ ነው። በዩኒቨርሲቲ አብረውኝ ከተማሩት መካከል የኬፕለርን ሕግ የሚያሰሉ ብዙ ነበሩ፤ አበቅቴ የሚያወጣ ግን አንድ ብቻ አገኘሁ፤ እርሱም የቄስ ልጅ ነበር።

የቀደሙት አባቶቻችንና እናቶቻችን ሰማይን እንዴት ያዩ እንደ ነበር የሚያሳይ ሌላም ብዙ አለ። አክሱማውያን ነገሥታት ክርስትና ከመግባቱ በፊት በገንዘባቸው ላይ ያስቀርጹ የነበረው ማዕዘኗ ወደ ላይ የሆነ ግማሽ ጨረቃና ክብ ነበር፤ በአራተኛው መቶ ዓመት በዒዛና ጊዜ ምልክቱ ወደ መስቀል ተለወጠ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ጀምስ ብሩስ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ግልባጮቹን ይዞ ወደ አውሮፓ እስኪመለስ ድረስ የዚያ አገር ሊቃውንት መጽሐፉን ሙሉውን አያውቁትም ነበር። ከ72ኛው እስከ 82ኛው ምዕራፍ ያለው ክፍል ነገሩ ሁሉ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት ነው፤ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት ደጆች እየተፈራረቀች መውጣቷን፣ ቀኑም በዚያ መጠን መርዘምና ማጠሩን ይዘረዝራል። በደቡብም ቦረናዎች ዛሬ ድረስ የሚቈጥሩበት የጨረቃ ዘመን አላቸው። አያንቱ የሚባሉት ዐዋቂዎቻቸው ጨረቃ ከየትኞቹ ከዋክብት ጋር እንደምትወጣ ተመልክተው ወሩን ይወስናሉ፤ ለቀኖቹም 27 ስሞች አሏቸው። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ስለ ገዳ በሚናገረው መጽሐፋቸው ገልጸውታል። የቦረናው አያንቱ ወደ ካዛንቺስ ቢመጣ ወሩ ስንት እንደ ሆነ ከግድግዳ ማንበብ ሊኖርበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን «ኮከብ ቆጣሪ» ሲባል ሰው ወዲያው የሚያስበው ዐውደ ነገሥትን ነው። የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት በቍጥር ይሰላሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ ቀሪው ሐመል ወይም ሰውር ወይም ገውዝ እያለ የሰውየውን ኮከብ ይነግራል። ከዚያ ማንን እንደሚያገባ፣ በየትኛው ቀን ገበያ እንደሚወጣ ይወሰናል። ይህን ሒሳብ ያወጣ ሰው ግን ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አላየም፤ ማየትም አያስፈልገውም። ዛሬ በከተማችን ሥራ ሲጠፋ ወይም እጮኛ ስትቀየም «ኮከባችን አልገጠመም» የሚለው ወጣት ጥቂት አይደለም፤ ዲግሪ የያዘውም አለበት። እኔ በልማዱ ታሪክነት አልቀልድም፤ የፊደልና የቍጥር ትምህርት ለብዙ ዘመን አብሮት ተጠብቋል። ነገር ግን ሰው ከኮከብ ጋር ያለውን ዝምድና የሚፈልግ ከስሙ ፊደላት ይልቅ ከደሙ ቢጀምር ይሻላል።

በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ቢሰበሰብ 4 ግራም ያህል ነው፤ አንድ ትንሽ ምስማር ቢወጣው ነው። ያለዚያች ምስማር ግን ደም የምንተነፍሰውን አየር ሊሸከም አይችልም። ያ ብረት ከቀይ ጤፍና ከምስር ወደ እኛ መጣ፤ ወደ ጤፉ ከአፈሩ መጣ፤ አፈሩ የምድር ነው፤ ምድርስ ከወዴት አመጣችው? እ.ኤ.አ. በ1957 አራት ተመራማሪዎች ባወጡት ሰፊ ጥናት መልሱ በግልጽ ተቀመጠ። ከዋክብት በሆዳቸው ውስጥ ቀላሉን እያዋሐዱ ከባዱን ይሠራሉ። ካርቦኑንና ኦክስጅኑን የሠሩት እነርሱ ናቸው፤ ብረቱም በከዋክብት ውስጥና በፍንዳታቸው ጊዜ ተሠርቶ ወደ ጠፈር ተበተነ። ፀሐይና ፕላኔቶቿ ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተሰበሰቡት ከዚያ ብትን ነው። እንግዲህ በእያንዳንዱ የካዛንቺስ መንገደኛ ሥር ውስጥ የሚመላለሰው ብረት፣ ፀሐይ ከመወለዷ በፊት በሞቱ ከዋክብት የተሠራ ነው። ይህ ለንጉሥም ለሎሌም፣ ለሐመልም ለሰውርም አንድ ነው።

«ዳቦ ሳንጠግብ ኮከብ ምን ይሠራልናል?» የሚል ድምፅ ይኖራል። ድምፁ ክፉ ድምፅ አይደለምና በንቀት መመለስ አይገባውም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲመሠረት ይህንኑ ብዙ ጊዜ ሰምቷል። ሶሳይቲው ግን እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ የመመልከቻ ጣቢያ አቋቁሞ፣ መስተዋታቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሁለት ቴሌስኮፖች አስተከለ፤ ጣቢያውም እ.ኤ.አ. በ2015 ተመረቀ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ፣ ቡናና አቦል ስማቸውን ባገኙ በሦስተኛው ቀን፣ የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ታይዩአን ስትወነጨፍ ሰዎች እዚያው እንጦጦ ላይ ተሰብስበው በቀጥታ ሥርጭት ተመለከቱ። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው ሳተላይት የታሰበችው ለእርሻ፣ ለደንና ለአየር ጠባይ ጥናት ነበር። ይህ የዳቦ ጉዳይ ካልሆነ የዳቦ ጉዳይ ምን እንደ ሆነ አላውቅም።

ከዚያ ቀደም ብሎም የሰማይ ሥራ በዚህች ከተማ ነበር። በዐራት ኪሎ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ግቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 የዓለም የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር የተቋቋመው ጣቢያ የመሬትን የማግኔት ኃይል መመዝገብ ጀመረ። ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የምድር የማግኔት ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል፤ በእርሱም ላይ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ፀሐይ በወጣች ቍጥር የሚነሣ፣ በገባችም ጊዜ የሚደክም ታላቅ የኤሌክትሪክ ወንዝ ይፈስሳል። በፀሐይ ላይ ማዕበል ሲነሣ የዐራት ኪሎው መሣሪያ ይንቀጠቀጣል። ሰውና ከዋክብት በምን ይገናኛሉ ለሚል ተማሪ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ የለም፤ በታክሲ አሥር ደቂቃ ነው፤ መንገዱ ካልተዘጋጋ።

አሁን ወደ መብራቱ ልመለስ። የእንጦጦ ቴሌስኮፖች የተተከሉት ከተማይቱን በሚያይ ተራራ ራስ ላይ ነው። ከተማይቱ በጨመረች ቍጥር ወደ ላይ የምትለቅቀው ብርሃን በአቧራውና በእርጥበቱ ላይ እየተበተነ የደቡቡን ሰማይ ያነጣዋል። ቴሌስኮፕ ለመግዛት ገንዘብ አውጥቶ በታችኛው ሜዳ ደግሞ ሰማዩን የሚጋርድ መብራት መትከል፣ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሣት ነው።

መብራቱ ይቅር የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ማታ ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ፣ ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ የመንገድ መብራት ምን እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ጨለማው የሚናፈቅላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ በጨለማው ያልሄዱበት ናቸው። የምለው ሌላ ነው፤ ሴትዮዋ የምትሄደው በመሬት ላይ ነውና ብርሃኑ ወደ መሬት ይውረድላት። ወደ ሰማይ የሚሄደው ብርሃን ለማንም መንገድ አያሳይም፤ ሒሳቡ ግን ይከፈልበታል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕውቀት ተራ ነው። መብራቱ ከላይና ከጎኑ ባርኔጣ ይደረግለት። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ከሚሆን ሞቅ ያለ ቢጫ ይሁን፤ ሰማያዊው ብርሃን በአየር ውስጥ ይበልጥ ይበተናልና፣ ሰማይም በቀን ሰማያዊ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ግንብና ዛፍን ከሥር ወደ ላይ የሚያበራው ጌጥ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይጥፋ፤ በዚያ ሰዓት ግንቡን የሚያደንቀው ዘበኛው ብቻ ነው፤ እርሱም ከሰለቸው ቆይቷል። ቺሊ በሰሜን ክፍሏ ያሉትን ታላላቅ ቴሌስኮፖች ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1998 የውጭ መብራት ደንብ አውጥታለች፤ የቺሊ ከተሞችም ከዚያ ወዲህ ጨለማ አልወረሳቸውም።

ይህን የምጽፈው በተለይ በየክፍለ ከተማውና በየመሥሪያ ቤቱ የግዢ ሰነድ ለሚያዘጋጁት ወጣቶች ነው። የመብራት ዓይነት የሚወሰነው ሚኒስትር ንግግር ሲያደርግ አይደለም፤ አንድ የሃያ ስድስት ዓመት መሐንዲስ በጨረታ ሰነዱ ላይ የዕቃውን ዝርዝር ሲጽፍ ነው። «ብርሃኑ ከአግድም በላይ የማይወጣ» የምትለዋ አንዲት መስመር በዚያ ገጽ ላይ ብትጨመር ዋጋው የጎላ አይደለም። ምሰሶው ከተተከለ በኋላ ግን መንግሥት እስኪቀይረው ብዙ ዓመት ይቆማል። በካዛንቺስ የተተከለው ተተክሏል፤ ባርኔጣ መጨመር ይቻላል፤ የቀሩት ሰፈሮች ግን ገና ተራ እየጠበቁ ናቸው።

ለተማሪዎቹ ደግሞ መብራት የማይከለክለው አንድ ሥራ አለ፤ በቀን ይሠራልና። ፀሐይ በአዲስ አበባ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል ከአናት በላይ ትሆናለች፤ አንዱ በነሐሴ 24 አካባቢ ነው፤ በዚያ ጊዜ ደመናው አያሳይም። ሌላው በሚያዝያ 6 አካባቢ ነው። በዚያ ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ላይ በካዛንቺስ ቀጥ ብሎ የቆመ ሁሉ ጥላው ከእግሩ ሥር ይገባል። የአንድ ሜትር ዘንግ በውሃ ልክ አቁሙ፤ ጫፉንም ጠብቁ። ባሕር ዳር ያለ ጓደኛ ያለው ደግሞ በስልክ ይቀጣጠር፤ እዚያም አምስት ደቂቃ ያህል ዘግየት ብሎ እኩለ ቀን ሲሆን፣ የአንድ ሜትሩ ዘንግ አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ይህ ጥላ የሁለት ዲግሪ ከስድስት ዐሥረኛ ልዩነት ማለት ነው። ሁለቱ ከተሞች በሰሜንና በደቡብ የሚራራቁት 286 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 286ን ለ2.6 አካፍሎ በ360 ያባዛ ተማሪ የምድርን ዙሪያ ከ40,000 ኪሎ ሜትር ብዙም ሳይርቅ ያገኘዋል፤ ኤራቶስቴኔስ ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በፊት በዐባይ ታችኛው ወገን፣ በአስዋንና በእስክንድርያ መካከል የሠራው ሥራ ይኸው ነበር።